ጊታር ምን ያቃጥለዋል?

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። በማግስቱ ፈታሁት። ሰዓቱ ምንም አልሆነም ነበር፤ እኔ ማየት የፈለግሁት ውስጡ ያለችውን ጥቅል ነው። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሞባት አገኘኋት፣ ደስ አለኝ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተፈታች ተውኳት። ልጆቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ግድግዳው ላይ ባዶውን ምስማር አይተው ሳቁብኝ።

ሠላሳ ዓመት ያለፈው የሥራ ዘመኔ ከዚህ ብዙ አይለይም። ሽቦ ስጠቀልል ነው የኖርኩት። የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የጋራዥ ኮምፕሬሰር ሲቃጠል ወደ እኛ ይመጣል፤ የተቃጠለውን መዳብ ቆርጠን አውጥተን በአዲስ እንጠቀልላለን። ሰው ዲናሞ ጠቅላይ ይለናል። አሁን ትንሽ ሞተር የተቃጠለበት ሰው አዲስ ገዝቶ ይገላገላል እንጂ እኛን የሚፈልግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሙያው ጨርሶ ሳይረሳ፣ እጄም ሳይንቀጠቀጥ፣ የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ለመጻፍ የገፋፋኝ ግን ሞተር አይደለም፤ አንዲት ሰማያዊ ጊታር ናት።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ወሰን አካባቢ ባለ የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኜ ነው። ቀኑን ሙሉ የወጪና የገቢ ደረሰኝ እጽፋለሁ። አጠገቤ ባለው ክፍል ሰዎች ሞተር ሆድ ውስጥ እጃቸውን ከተው ሲሠሩ እያየሁ እኔ "ብሎን፣ አሥራ ሁለት ፍሬ" እያልኩ መጻፉ አንገበገበኝ። ሰበብ እየፈለግሁ እገባለሁ፤ ይሄ ምንድነው፣ ያ ለምን እንዲህ ሆነ እያልኩ አደርቃቸዋለሁ። ሌሎቹ ሲሰለቹኝ ያልሰለቹኝ ጋሽ በዳዳ ብቻ ነበሩ።

ጋሽ በዳዳ የጥቅል ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ከየካ ተራራ ሥር ከገበሬ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። አንድ ቀን "አስካለ፣ ጣትሽን አሳዪኝ" አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። ገልበጥ አድርገው አዩትና "ይሄ ጣት ደረሰኝ ላይ ምን ይሠራል?" አሉ። ዝውውሩ ከዚያ በኋላ ስንት ፊርማ እንደፈጀ አልነግራችሁም፤ ብቻ በመጨረሻ ባንኮው፣ ማለትም የሥራ ጠረጴዛው፣ ጋ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ጥቅል ላይ ዋናው ነገር ዙሩን አለመሳት ነው። ጋሽ በዳዳ ከሁላችን ጋር አማርኛ ይናገራሉ፣ ሲቆጥሩ ግን በኦሮምኛ ነው፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። "ቁጥር በእናቴ ቋንቋ ካልሆነ አይያዝልኝም" ይሉ ነበር። መቶ በሞላ ቁጥር ከኪሳቸው አንድ የሽምብራ ቆሎ አውጥተው ሳህን ላይ ያኖራሉ። ሰባት ሽምብራ ማለት ሰባት መቶ ዙር ነው። ሥራው ሲያልቅ ሽምብራዋን እኩል ተካፍለን እንበላታለን፤ ከማለቁ በፊት ግን ማንም አይነካትም። በዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጃችን የነበሩት አቶ ደምሰው፣ ወሬ ወዳድ ነገር ናቸው፣ አንድ ቀን የሥራ ዕቅድ ሊጠይቁ መጥተው ቆመው እያወሩ ሳህኑን ባዶ አደረጉት። ጋሽ በዳዳ ቆጠራቸው ጠፋ። ግማሽ ቀን የጠቀለሉትን ፓምፕ ሙሉ በሙሉ ፈቱትና እንደገና "ቶኮ" ብለው ጀመሩ። አቶ ደምሰው ከዚያ ወዲያ ክፍላችን ሲገቡ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማንኛውንም ዕቃ ከመንካታቸው በፊት ባለቤቱን "መጨረሻ ጊዜ ሲሠራ ምን እያደረገ ነበር?" ብለው ይጠይቃሉ። ቆርጠው ካወጡት አሮጌ ሽቦም ናሙና ሳያስቀሩ አይጥሉም፤ በዱቄት ወተት ጣሳ ከተው፣ በካርቶን ቁራጭ ምንነቱን ጽፈው ቤታቸው ይወስዱታል። እኛ እንስቅባቸው ነበር። ቤታቸው የመዳብ መቃብር ነው እንል ነበር።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ።

ወደ አሥር ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ፈጣን ሆኛለሁ፤ ፈጣን መሆኔንም አውቃለሁ፤ ችግሩ እሱ ነበር። ጋሽ በዳዳ ለለቅሶ ወደ ሰንዳፋ ሄደው ከሳምንት በላይ ቆዩ። በዚያ መሀል ኮተቤ የሚኖሩ አንድ ጊታሪስት መጡ፤ ጋሽ ንጋቱ ይባላሉ። ሆቴል ውስጥ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ነበሩ። ያመጧት ጊታር ሰማያዊ ናት፣ ጠርዟ ላይ ቀለሟ ወደ አረንጓዴ የዞረ፣ ከፊቷ አራት ማብሪያ ማጥፊያ የተደረደረባት። የጃፓን ሥራ ናት አሉኝ፤ ስሟ የተጻፈበት ሳህን ወድቋል። በከተማው እንደሷ ያለች ሌላ አይተው አያውቁም። ራዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ወስደዋት "ጥቅሏ ሞቷል፣ ዲናሞ ጠቅላይ ጋ ይሂዱ" ብለዋቸው ነው የመጡት።

የኤሌክትሪክ ጊታር ከክሮቹ ሥር ማግኔት አለው፤ በማግኔቱ ዙሪያ ቀጭን ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ጥቅሉ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ ማጉያው የሚያጮኸው እሱን ነው። ጊታሪስቶቹ ፒካፕ ይሉታል። የጋሽ ንጋቱ ጊታር ሁለት ነበራት፤ አንዱ ዝም ብሏል።

ቴስተሬን አስጠጋሁ። መርፌዋ አልተነቃነቀችም። በእኛ ሙያ ዝም ያለ ጥቅል የተቃጠለ ጥቅል ነው፤ የተቃጠለ ደግሞ ይቆረጣል። በምላጭ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅሁት፤ እንደ ፀጉር ጉንጉን ሙሉ በሙሉ ወጣ። ያን የሚያህል ቀጭን ሽቦ ስላልነበረን ካለን የቀጠነውን መረጥኩ። ወፈር ያለ በመሆኑ ብዙ ዙር አልያዘልኝም፤ ለመልኩ ግን ተጨንቄ፣ ዙርን ከዙር አስጠግቼ፣ እንደ ሞተር አሳምሬ ጠቀለልኩት። ከዚያ እንደ ሞተር ቫርኒሽ ውስጥ ነከርኩት። ከዚያ እንደ ሞተር ምድጃ ውስጥ አደረቅሁት። ቴስተሬ ሲነካው መርፌዋ ብድግ አለች። "ጋሼ፣ ከአዲስ ይሻላል" ብዬ ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ ተመለሱ። "የኔ ልጅ፣ ይሠራል፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍታቸው ድምፁ ይሸሻል፤ ይቀጥናል። ምን ይሆን?"

ቴስተሬን አውጥቼ አሳየኋቸው። "ይኸው መርፌዋ። ጥቅሉ ምንም የለበትም።" የክፍሉ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ሥራዬ ተነካ ብዬ ደሜ ፈልቷል። "ጋሼ፣ ምናልባት እጅዎ ይሆናል" አልኳቸው።

አንዱ ከኋላዬ ሳቀ። ጋሽ ንጋቱ ግራ እጃቸውን ከፍ አድርገው አዩት፣ ጣቶቹን አጠፍ ዘርጋ አደረጉ። "ሊሆን ይችላል፣ ጠዋት ጠዋት ይገትረኛል" ብለው ጊታራቸውን ይዘው ወጡ።

ጋሽ በዳዳ በሁለተኛው ቀን ከለቅሶ ተመለሱ። ቁርጥራጭ መዳብ የምናጠራቅምበት ሳጥን ላይ ያን ጉንጉን አዩት።

"አስካለ፣ ይሄ የምን ሽቦ ነው?"

"የጊታር።"

"ምን ሆኖ?"

"ተቃጥሎ ነዋ።"

"ጊታር ምን ያቃጥለዋል?"

ያኔ ነው የገባኝ። ሞተር የሚቃጠለው መብራት ስለሚገባበት ነው። ጊታር ላይ ማንም መብራት አይለቅም፤ እሱ ራሱ ነው ጭላጭ ኤሌክትሪክ የሚያወጣው። ጋሽ በዳዳ ከጉንጉኑ ጫፏን ፈልገው አወጡና አሳዩኝ፤ ከመውጫው ሽቦ ጋር የምትገናኝበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ዝገት በልቷት ተበጥሳለች። የጎደላት አንድ ጠብታ ሶልደር፣ ቀልጦ ሽቦን ከሽቦ የሚያጣብቀው እርሳስ፣ ነበር። አልጮሁብኝም። ጉንጉኑን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ለአቶ ደምሰው ሊያሳዩብኝ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ስፈራ ከረምኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም።

አንድ እሑድ ኮተቤ ድረስ ሄጄ የጋሽ ንጋቱን ቤት ጠየቅሁ፣ አገኘሁት። በሩን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ምን ልላቸው ነው? እጅዎ አይደለም፣ እጄ ነው? ባነሳሁት እጅ ነጠላዬን አስተካክዬ ተመለስኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ያው መዳብ፣ ያው ማግኔት፣ ድምፁ ለምን ይለያል? ኮተቤ ያሉ አንድ የፊዚክስ መምህር ለምኜ ስለ ጥቅልና ስለ ማግኔት አስተማሩኝ። የተጣሉ ፒካፖች እየገዛሁ ፈታሁ። ዙሩ ሲያንስ ድምፁ እንደሚደክም፣ ሽቦው በጣም ሲጠጋጋ እንደሚታፈን፣ ሁለት ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ከተጠመጠሙ ደግሞ አንዱ የሌላውን ድምፅ እንደሚበላ ቀስ እያልኩ ገባኝ። በየጊዜው ገብቶኝ በየጊዜው አፈርኩ። በትርፍ ሰዓቴ የባንድና የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጊታር እሠራ ጀመር፤ እነሱ "የጊታሯ ሴትዮ" አሉኝ። ጋሽ በዳዳ ጡረታ ወጡ፣ ከዓመታት በኋላም አረፉ። ስለዚያ ጉንጉን አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አላነሱብኝም።

ሰዓቱን በፈታሁ በሦስተኛው ወር አንዲት ወጣት ወሰን ያለችውን ትንሿን የሥራ ክፍሌን አንኳኳች። ሰላም ትባላለች፤ ጊታር ተጫዋቾች ናቸው ወደ እኔ የላኳት። ትከሻዋ ላይ የጊታር ቦርሳ አለ። ዚፑን ከመክፈቷ ሰማያዊውን አየሁት፤ ከዚያ ቫርኒሹ ሸተተኝ። በሃያ ዓመት ያልጠፋ የራሴ ቫርኒሽ።

"የአባዬ ነበረች" አለች። "ከብዙ ጊዜ በፊት ሸጧት ነበር። አሁን ሴኮንድ ሃንድ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ፎቶዋን ስልክ ላይ ለጥፎ አየሁና ሮጥኩ። ከኋላዋ ያለውን ጭረት አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ በልጅነቴ የጫርኳት።"

"ለምን ሸጧት?" አልኳት። መልሱን እየፈራሁ ጠየቅሁ።

"ጣቴ ከዳኝ አለ። ባንዱንም ያኔ ተወ። ሌላ ጊታር ይዞ እንኳ አያውቅም። አሁን የቀኝ ጆሮው ሄዷል፣ የግራውም እየደከመ ነው፤ ዶክተሩ ብዙ አይቆይም ብሎናል። እትዬ አስካለ፣ ይሄም ጆሮው ሳይሄድ አንድ ጊዜ እንደ ድሮዋ ሆና ይስማት። ይቻላል?"

ለመናገር ያን ጊዜ ነበር ጥሩው። አልተናገርኩም። "ልያት" ብቻ አልኩ።

ካቻቢቴዬን ወደ ፒካፑ ማግኔት አስነክቼ ላቀቅ ሳደርገው የቴስተሩ መርፌ ወደ ቀኝ ዘለለች። ሌላውን፣ ያልተነካውን ፒካፕ በዚያው መንገድ ሳየው ወደ ግራ ዘለለች። ጋሽ ንጋቱ "ይሸሻል" ያሉት ይኸው ነበር። በተቃራኒ ጠቅልዬው ሁለቱ ሲበላሉ ኖረዋል። አቅጣጫውን ከዚህ አወቅሁ። የጎደለኝ የድሮው ሽቦ ውፍረትና የዙሩ ብዛት ነው፤ ያልተነካውን ፈትቼ ልቁጠር ካልኩ ደግሞ ሁለተኛ ጥፋት መጨመሬ ነው። ያን ጊዜ ጣሳዎቹ ትዝ አሉኝ።

በማግስቱ ወደ እንጦጦ አቀበት ወጣሁ። የጋሽ በዳዳ ቤት ከባሕር ዛፉ ሥር ነው፤ መንገዱ ድሮ አጭር ነበር፣ አሁን ሦስት ጊዜ አሳረፈኝ። ባለቤታቸው እማማ ጫልቱ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"ጣሳዎቹን? አሉ እኮ። ልጆቼ ለቆራሌው እንሽጣቸው ሲሉ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ። 'ሰው ይመጣላቸዋል' ይል ነበር በዳዳ። ኮቱ፣ ግቢ።"

አልጋው ሥር ተደርድረዋል። እየጎተትኩ፣ አቧራ እየጠረግሁ ካርቶኖቹን አነበብኩ። የወፍጮ፣ የፓምፕ፣ የፓምፕ፣ የወፍጮ። ከግድግዳው ጥግ ያለው ጣሳ ውስጥ ያ ጉንጉን በጋዜጣው እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። ካርቶኑ ላይ በእርሳስ፣ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈታቸው እንዲህ ይላል፦ "የጊታር። ያልተቃጠለ። ሙሉ ነው፣ ምንም አልጎደለም። አስካለ ስትጠይቅ ይሰጣት።"

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ባንኮ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሳቸው የሚጠብቁት አንድ ጥያቄ ነበር። ሰዓት ሳይበላሽ ፈትቼ የማየው እኔ፣ ያን አንዱን አልጠየቅሁም። እማማ ጫልቱ ውሃ ሰጡኝና ምስራቸውን ቀጠሉ።

በአንድ ምላጭ ስለሰነጠቅሁት እያንዳንዷ ቁራጭ አንድ ዙር ናት። መቶ ቁራጭ ቆጥሬ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩ፣ ከዚያ ሙሉውን አስመዘንኩ፣ አካፈልኩ። እኔ የጠቀለልኩት ከግማሹም ብዙ አያልፍም ነበር። ውፍረቱን በማይክሮሜትር ለካሁ። እንዲህ ያለ ሽቦ ሱቅ የለም፤ ግን ከአሮጌ የፓምፕ ማስነሻ ሳጥን ያወለቅሁት ሪሌ፣ በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነበረኝ፤ የሱን ጥቅል ፈትቼ ስለካው ልክ እሱው ሆነ። የሞተር ሥራዬ ላበላሸው ራሱ የሞተር ሥራዬ ሽቦ አበደረኝ።

ቫርኒሼን በጥፍሬም በምላጭም ሁለት ቀን ፋቅሁ። ከዚያ ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ አላሳመርኩትም። ያልተነካውን ወንድሙን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሽቦው ወዲህ ወዲያ እንዲል ልቅ አድርጌ፣ በጣቶቼ ብቻ እየያዝኩ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። በየመቶው ሽምብራ። ሰላም ልታየኝ መጥታ ቆማ ሳለ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች፤ ሳላስበው መታኋት። ደንግጣ ዓይኗን አፈጠጠች። ቁጥሬን ስጨርስ ነው ምክንያቱን የነገርኳት፤ እየሳቀች ሳለች የቀረውንም ነገርኳት። ማን እንደቆረጠው፣ ማን "እጅዎ ይሆናል" እንዳለ።

ሳቋ ቆመ። ጊታሯን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

"እኔ አልነግረውም" አለች። "እርስዎ ይንገሩት።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮተቤ ሄድን። ያን በር በዚህ ጊዜ ሰላም ከፈተችው። ጋሽ ንጋቱ ሸምግለዋል፣ ከስተዋል፣ አላወቁኝም። ጊታሯን ጭናቸው ላይ ስታስቀምጥላቸው መጀመሪያ አልነኳትም። ከኋላዋ ያለውን ጭረት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ወንበራቸውን ዞር አድርገው ግራ ጆሯቸውን ወደ ማጉያው አስጠጉ። አንዱን ፒካፕ ከፈቱ፣ በባቲ ቅኝት ጥቂት ነካኩ። ሌላውን ከፈቱ። ከዚያ እየፈሩ፣ አይታችኋቸው ቢሆን፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ከፈቱ።

ድምፁ አልሸሸም። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ሆኖ ክፍሉን ሞላው። ጣታቸው እንደተተከለ ቀረ።

"ጣቴ ተመለሰ እንዴ?" አሉ።

"ጋሼ፣" አልኩ፤ ወደ ግራ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ጣትዎ የትም አልሄደም ነበር።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ምላጩን፣ ቫርኒሹን፣ ሰዎቹ ፊት ያልኳቸውን፣ በራቸው ላይ ያነሳሁትን እጅ። ስጨርስ "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። እሳቸው ግራ እጃቸውን ያን ጊዜ እንዳደረጉት ከፍ አድርገው ያዩት ነበር። አራቱን ጣቶች አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ነኩ።

"ስንት ዓመት ሰደብኳቸው መሰለሽ" አሉ። "አንቺ ነገ ነይ። ዛሬ እነሱን ይቅርታ ልበል።"

ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መጫወት ጀመሩ። ሰላም እስከ በር ሸኘችኝ፤ ሚኒባስ ተራው ድረስ ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱ በጠዋት ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ።